የቤት ፊልሞችን ከአንድ ቦታ ለሁሉም ቲቪ ማሰራጨት፦ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል ወይስ ናስ ይገዛ?

ይህን የኦንላይን ውይይት (ክሩን) የከፈተው ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሚኖር የሁለት ልጆች አባት ነው። አራት ቴራባይት በሚይዝ ሃርድ ዲስክ ላይ ለዓመታት ያጠራቀመው ፊልም አለው። ሳሎን ያለው ቲቪ በፍላሽ፣ የልጆቹ ክፍል ያለው በቲቪ ቦክስ ነው የሚሠራው፤ እናቱ ደግሞ በስልካቸው ያያሉ። አንዱ ፊልም ሦስት ቦታ ይገለበጣል፣ ፍላሹ ሲፈለግ አይገኝም፣ ልጆቹም የት ላይ እንዳቆሙ እየረሱ ይጣላሉ። ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጦ በየክፍሉ ለማሳየት ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (ከቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚያያዝ የዲስክ ሣጥን) ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይኖርበት እንደሆነ፣ ወይስ ስክሪኑ የተሰነጠቀው ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላፕቶፑ ይበቃው እንደሆነ ጠየቀ። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ ራውተሩ ሳሎን ነው፣ መብራት ይቆራረጣል።

ጥያቄው በደንብ ስለተቀመጠ ክሩ ረዘመ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው መልሶቹን በተራቸው አቅርቤያለሁ። የራሴን አቋም ከወዲሁ ለመናገር፣ አብዛኛው ክርክር በሶፍትዌሩ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ባህር ዳር ላይ የቤት ሰርቨርን (ፊልሙን ለየክፍሉ የሚያቀብለውን ማሽን) የሚጥለው መብራቱና ዲስኩ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ።

መልስ 1 ፖሊ ግቢ ከተማረ ልጅ የመጣ ነው። ሰላምታውን በደንብ አቅርቦ ላፕቶፑ ከበቂ በላይ መሆኑን ገለጸ። ጄሊፊን የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንዲጭን መከረው፤ ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ለሁሉም ክፍት የነበረውን ኮዱን ሲዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018፣ ከዚያ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ፎልደሩን አንብቦ ፖስተርና መግለጫ ያወጣል፣ ለቤተሰቡ አባላት ለየብቻ መለያ ይሰጣል፣ ማን የት ላይ እንዳቆመም ይይዛል። አንድ ማሳሰቢያ ጨመረ፦ እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ይኑረው፣ ከስሙ ቀጥሎ የወጣበት ዓመት በቅንፍ ይጻፍ። ይህ ካልሆነ ስማቸው አንድ የሆኑ ፊልሞች ይደባለቃሉ። የአማርኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ በውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች ስለማይገኙ የሽፋኑን ፎቶ በስልክ አንስቶ ፎልደሩ ውስጥ በእጅ ማስገባት እንደሚያስፈልግም አልዘነጋም።

መልስ 2 በላፕቶፑ ተስማምቶ በሶፍትዌሩ ተለየ። ፕሌክስ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ለጀማሪ ይቀላል፣ ብዙ ስማርት ቲቪ ላይ መተግበሪያው አለ የሚል ነው። መልስ 3 ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። ይህ ሰው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሌክስ ነበር የሚጠቀመው። ፊልሞቹ ዲስኩ ላይ እያሉ፣ ቲቪውና ሰርቨሩም አንድ ቤት እያሉ፣ መተግበሪያው በኢንተርኔት ካልገባህ አላስገባም አለው። እዚህ አገር ሆኖ ለቤት ውስጥ ፊልም የውጭ ሰርቨር ፈቃድ መጠበቅ እንደማይዋጥለት በቁጣ ጻፈ። መልስ 4 በትሕትና አረመው፦ ፕሌክስ ላይ የቤቱን አድራሻዎች ያለ መግቢያ እንዲቀበል የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ ግን ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት መስተካከል አለበት። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ፊልም ማየት በፕሌክስ ክፍያ ይጠይቃል፣ የዕድሜ ልክ ክፍያውም ያኔ ከ120 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወጥቶ ነበር። በዶላር መክፈያ ካርድ ለሌለው ሰው ክርክሩ እዚህ ጋ ያለቀ ይመስለኛል። እኔም ከጄሊፊን ጎን ነኝ።

መልስ 5 ኮዲን አነሳ። ኮዲ ግን ማጫወቻ እንጂ ሦስት ቦታ የሚያሰራጭ ሰርቨር ስላልሆነ ብዙም አልተከተሉትም።

መልስ 6 ከአንዲት እናት ነበር። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ቢያዩ የኢንተርኔት ጥቅሉን አይጨርሱትም ወይ የሚል ነው። ጥያቄዋን በይቅርታ ነበር ያቀረበችው፤ ለእኔ ግን በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፣ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚተወው እዚህ ስጋት ላይ ነውና። መልስ 7 አጥጋቢ ነበር፦ ፊልሙ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ነው የሚሄደው፤ ከግቢ አይወጣም፣ ጥቅሉንም አይነካም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ፕሮግራሙን ለመጫንና ፖስተር ለማውረድ ብቻ ነው። እንዲያውም የኢንተርኔቱ መስመር ተነቅሎ ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ፊልሙ ይታያል።

መልስ 8 ወደ ሥራው ውስጥ ገባ። ቲቪው ፋይሉን እንዳለ መክፈት ከቻለ ሰርቨሩ የሚሠራው ፋይል ማቀበል ብቻ ነው፣ ለዚህ ደካማ ማሽንም ይበቃል። ቲቪው የማያውቀው ኮዴክ (ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ) ከሆነ ግን ሰርቨሩ እየተጫወተ ሳለ መለወጥ አለበት፤ ትራንስኮዲንግ የሚሉት ይህ ነው፣ ፋኑ የሚጮኸውና ምስሉ የሚቆራረጠውም ያኔ ነው። ስለዚህ ፊልሞቹን ኤች 264 በሚባለው ኮዴክ አድርጎ ማስቀመጥ አስተማማኝ መሆኑን መከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ስለሆነ አሮጌ ቲቪም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 ቦታ ይቆጥባል፣ ግን አሮጌዎቹ ቲቪዎች አይከፍቱትም። ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኤች 265ን በሃርድዌር ስለሚፈታ ለጠያቂው ችግር እንደሌለም አከለ። መልስ 9 እዚህ ላይ አረመው፦ ስድስተኛው ትውልድ የቀለም ጥልቀቱ ባለ 8 ቢት የሆነውን እንጂ ባለ 10 ቢቱን በሙሉ አቅሙ አይችልም፣ ለእሱ ሰባተኛ ትውልድ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሳይዘላለፉ ተስማሙ።

መልስ 10 ሒሳቡን ሠራ። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚወስድ ጥሩ ጥራት ያለው ፊልም በሁለት ሰዓት 7.2 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስት ቲቪ አንዴ ቢያዩ 24 ሜጋቢት ነው፤ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፈው የቲቪ ኬብል መግቢያ አይጨነቅም። የዋይፋዩ ነገር ይለያል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ 2.4ቱ ያልፋል፣ ግን በጎረቤቶች ራውተር ይጨናነቃል። ስለዚህ ላፕቶፑ ራሱ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኝ፤ የልጆቹም ክፍል ቢቻል በኬብል፣ ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ። ቀዳዳውን በበሩ ጉበን በኩል መብሳት ከግድግዳው እንደሚቀልም አስታወሰ።

መልስ 11 ፋሲሎ አካባቢ የጥገና ቤት ካለው ሰው ነው፤ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። ናስ የሚገዛ ሰው ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) አብሮ መግዛት አለበት፤ ላፕቶፕ ግን ባትሪው ራሱ ዩፒኤሱ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ መሆኑን አብራራ። ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ውጫዊ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆያል። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ግን የራሱ አዳፕተር አለው፤ መብራቱ ሲሄድ ላፕቶፑ በርቶ እያለ ዲስኩ በጽሕፈት መሃል ድንገት ይሞታል። በተለይ ዲስኩ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ከተደረገ፣ ጆርናል (የተቋረጠ ጽሕፈትን ለማስተካከል የሚረዳ መዝገብ) ስለሌለው ፎልደሩ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ጨርሶ አይቀበልም። ወደ ጥገና ቤቱ ከሚመጡት ዲስኮች ብዙዎቹ በመሸምገል የተበላሹ አይደሉም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ዝላይ አዳፕተራቸው የተቃጠለ ወይም መብራት ሲጠፋ የፋይል መዋቅራቸው የፈረሰ ናቸው።

ስለ ራውተሩም አልረሳም። ላፕቶፑ ቢቆይም ራውተሩ ከጠፋ ቲቪው የሚያገኘው ነገር የለም። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች 12 ቮልት ስለሆኑ ትንሿ ሚኒ ዩፒኤስ ለሰዓታት ታቆያቸዋለች፤ ከመግዛት በፊት ግን የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ማንበብ ግድ ነው። ሌላው ሁልጊዜ ሶኬት ላይ የሚውል የላፕቶፕ ባትሪ ነው፦ ያብጣል። ምልክቱ የመዳሰሻው ሰሌዳ ከፍ ማለቱ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ ጥግ ላይ ክፍተት መተዉ ነው፤ ያን ያየ ሰው ማሽኑን ወዲያው ያጥፋ። ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያደርግ ምርጫ ብዙ ላፕቶፖች ላይ አለ። ይህን በሕዝብ ፊት በነፃ ማስተማሩን እኔ አክብሬዋለሁ።

መልስ 12 ስለ ክረምቱ ጨመረ። ከጣና ላይ የሚነሣው ነጎድጓድ ሲያስገመግም ሶኬት መንቀል ብቻውን አይበቃም፣ ከጣሪያ የሚወርደው የዲሽ ኬብልም ከሪሲቨሩ መነቀል አለበት፤ ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር የተያያዘ ነውና። የሶኬት ማከፋፈያው የመብረቅ መከላከያ አለው ብሎ መተማመን የሚቻለው ቤቱ ትክክለኛ የመሬት ገመድ ካለው ነው።

ከዚያ ክሩ ሸሸ። መልስ 13 ዓባይ ከደጃፍ እየወጣ ከተማው ለምን ይጨልማል የሚል ምሬት ነበር፤ ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን ናቸው አለ። መልስ 14 ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ፤ ትራንስፎርመሩና የሰፈሩ መስመር ካረጀ ግድቡ ቢጨመርም ቤት ድረስ አይደርስም። መልስ 15 ሕዳሴው ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የራሱ ሰፈር ለውጥ እንዳየ፣ መልስ 16 ደግሞ የእሱ ሰፈር ምንም እንዳላየ ጻፉ። ሁለቱም የሚናገሩት የየደጃቸውን ስለሆነ ማንም ማንንም ማሳመን አልቻለም።

መልስ 17 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊዋ በአማርኛ ፊልም ሥራ ላይ የነበረች ሴት ናት። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ፊልሙ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ስለ ኮዴክ መጨነቁ አሳዘናት። በየመንደሩ ፊልም መጫኛ ቤት በፍላሽ ሲገለበጥ የኖረው ሥራ የካሜራ ባለሙያውን፣ የተዋናዩንና የብርሃን ሠራተኛውን ጉሮሮ የዘጋ መሆኑን በምሬት ጻፈች፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 ለጌጥ እንዳልወጡም አስታወሰች። መልስ 18 አመናጨቃት፦ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበት ሱቅ ከሌለ ሰው ምን ያድርግ የሚል ነው። መልስ 19 እሱን መልሶ ገሠጸው፤ ሱቆቹ የተዘጉት ሰው መግዛት ስላቆመ መሆኑንና ለእህት እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ ነገረው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የሚያህል ነገር የሚያደራጅ ሰው የሚያደራጀው የሰው ድካም ነው።

ጠያቂው በመልስ 20 ተመለሰ፤ የክሩን መንገድ ያስተካከለው ይህ ነው። አብዛኛው ስብስቡ አባቱ በሕይወት ሳሉ በየበዓሉ የገዟቸው የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎች ናቸው፤ ካርቶኑ አሁንም አልጋ ሥር አለ። የቀረው የቤተሰቡ ነው፦ የእህቱ ሠርግ፣ የጥምቀት በዓል፣ የአባቱ ተዝካር፤ ግማሹ በዲቪዲ፣ የቆየው በቪኤችኤስ ካሴት። የሌላውን ሰው ሥራ በተመለከተ መልስ 17ን አመስግኖ ምንጩን የማያውቀውን ወደ ሰርቨሩ እንደማያስገባ ገለጸ።

ከዚህ በኋላ የመጡት መልሶች ለእኔ ከፊተኞቹ ይበልጣሉ። መልስ 21 ቪሲዲው ምስሉ 352 በ288 ብቻ ስለሆነ ትልቅ ቲቪ ላይ ቢደበዝዝ እንዳይደነግጥ፣ በሶፍትዌር ለማጉላትም እንዳይደክም ነገረው። ዲስኩን ከፍቶ ዳት የሚለውን ፋይል መገልበጥና ሳይጨመቅ ማስቀመጥ ይበቃል። የተቧጨረውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ማጽዳት ነው፤ ዙሪያውን ማሽከርከር ጭረቱን ያባብሰዋል።

መልስ 22 ሠርግ ሲቀርጹ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያሉ ነው የመለሱላቸው። እሳቸውም ካሴቱን ዛሬ ነገ ሳይል እንዲያስገለብጥ አጥብቀው አሳሰቡት። ማጫወቻ ማሽኑን ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፣ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው። ካሴቱን ማሽኑ ውስጥ ከመክተት በፊት በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን በባትሪ ብርሃን ማየት ነው፤ ጥቁሩ ጥብጣብ ጠርዝ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ ቤት፣ በክረምት እርጥበት፣ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሻጋታ ያለበት ካሴት ከተጫወተ የማሽኑን ራስ ይበክላል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ካሴትም ያበላሻል። መጀመሪያ ይጽዳ። ሲቀዳም በ720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ አገራችን ስትጠቀም የኖረችው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ስለሆነ። አንዴ ተቀምጦ ሙሉውን መቅዳት ነው፤ ማሳመሩ በኋላ ይደርሳል።

መልስ 23 ስለ አማርኛ ሰብታይትል ጠየቀ፦ ፊደሉ ለምን አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል? መልስ 24 ሁለት ምክንያት ለየ። ፋይሉ በዩኒኮድ፣ በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ ሳጥን ከሆነ ችግሩ የፊደል ቅርጹ አለመኖሩ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ሰርቨሩ ላይ አድርጎ ጄሊፊን ውስጥ ተጠባባቂ ፎንት የሚለውን ማብራት ነው። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ግን ጽሑፉ የተሠራው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ መጀመሪያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይዙር። መልስ 25 በምስል መልክ የተቀመጡ የዲስክ ሰብታይትሎች ሰርቨሩን ቪዲዮውን እንደገና እንዲሠራ ሊያስገድዱት እንደሚችሉ አክሎ፣ ኤስአርቲ የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ከሁሉም ቀላል መሆኑን አረጋገጠ።

መልስ 26 ውጭ አገር ካለች አንዲት እህት ነበር፤ የእናቷን ሠርግ ከዚያ ሆና ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። መልስ 27 የራውተሩን በር ለዓለም ከፍቶ መተው አደገኛ መሆኑን፣ ዋየርጋርድ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ላይ የተሠራው ቴይልስኬል የተባለው ፕሮግራም ግን የሁለቱን ቤት መሣሪያዎች በተመሰጠረ መስመር እንደሚያገናኝ ነገራት። የቤቱ ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነቱ አነስተኛ ከሆነ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው።

መልስ 28 እንደገና ናስ ይሻላል አለ፤ ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚይዙ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። መልስ 11 ላይ የነበረው ጠጋኝ ሳያለዝብ መለሰለት። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ሶኬት ላይ ናቸው፤ ሕፃን ልጅ በስሕተት ያጠፋው ፋይል ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ መብረቁም ሁለቱንም ያገኛቸዋል፣ ሌባም ሳጥኑን እንዳለ ይወስዳል። የናሱ ገንዘብ ሁለት ተራ ዲስክ ይግዛበት፤ አንዱ ላፕቶፑ ላይ ይሁን፣ ሌላው በየወሩ ተገልብጦ ዘመድ ቤት፣ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ። እኔ በዚህ ላይ አንድ ቃል የምጨምረው የለኝም፤ ፊልም ተመልሶ ይገኛል፣ የአባቱ ድምፅ ያለበት ካሴት ግን አንድ ነው።

መልስ 29 ላይ ጠያቂው የደረሰበትን ነገረን። ላፕቶፑ ቁም ሣጥኑ ላይ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተቀምጧል፣ ጄሊፊን ተጭኗል፣ ራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ አግኝቷል፣ ሁለተኛው ዲስክ ግሽ ዓባይ ሰፈር አክስቱ ቤት ነው። እናቱ ስልካቸው ላይ የሠርጉን ፊልም ከፍተው ከቆሙበት እየቀጠሉ ያያሉ። አንድ ችግር ቀርቶታል፦ የልጆቹ ክፍል ቲቪ ላይ አንዳንዱ ፊልም ምስሉ ይታያል፣ ድምፁ የለም።

መልስ 30 ከመልስ 8 ጸሐፊ ነው። ድምፁ የተጨመቀው ዲቲኤስ በሚባለው ኮዴክ ሊሆን እንደሚችል፣ ብዙ ቲቪዎች ያን እንደማይከፍቱ ነገረው። የድምፅ ለውጥ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ለላፕቶፑ ቀላል ሥራ ነው፤ ቲቪው ላይ ባለው መተግበሪያ ዲቲኤስን በቀጥታ የመላክ ምርጫው በርቶ ከሆነ ያጥፋው፣ ሰርቨሩ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ ለውጦ ምስሉን እንዳለ ያሳልፋል። ጠያቂው እስካሁን አልመለሰም። ያው ዓይነት ቲቪ ያለው ሰው ከሞከረው ውጤቱን እዚሁ ክር ሥር ይጻፍልን።